አንጎልንና ባህሪን አንድ ላይ ማጥናት፦ ከከተማ ዳር እየተመላለሰ ለሚማር የዲግሪ ተማሪ

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን ጨርሳ ቤት መጣችና «ጋሼ፣ ኒውሮሳይንስ መማር እፈልጋለሁ፤ የት ነው የሚሰጠው?» አለችኝ። ኒውሮሳይንስ የአንጎልና የነርቭ ጥናት ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ጣፎ ነው። መልሱ በር ላይ ቆሞ የሚነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት። ሌላም ልጅ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ደግሞ አሰፋሁት።

በውጭ አገር «ኒውሮሳይንስና ባህሪ» የሚባል ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ዲግሪ አለ። ለምሳሌ ኒውዮርክ ባለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂና የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍሎች ተባብረው ይሰጡታል። ግማሹ ሴል፣ ኬሚካልና ኤሌክትሪክ ነው። ግማሹ ትዝታ፣ ፍርሃት፣ ልማድና ውሳኔ ነው። እኛ ጋ እነዚህ ሁለት ግማሾች ለየብቻ ነው የሚኖሩት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ብትወስዱ ባዮሎጂው አራት ኪሎ፣ ሳይኮሎጂው ስድስት ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ ነው። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ በእግር ነው የሚኬደው። ሆኖም ለትምህርት ብሎ ያንን መንገድ የሚሄድ ተማሪ ብዙ አላየሁም።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው። ዲግሪው አንዱን ግማሽ ይሰጣችኋል። ሌላውን ራሳችሁ ትሠራላችሁ። ሁለቱንም ደግሞ ምረቃ ሳትጠብቁ በየሳምንቱ ታገናኛላችሁ።

መጀመሪያ፦ የምትገቡበትን ትምህርት ክፍል ምረጡ

ሦስት በር አለ፤ ሕክምና፣ ሳይኮሎጂና ባዮሎጂ።

ሕክምና ረጅም ነው። አንጎልን ከነደም ሥሩ ታውቁታላችሁ፣ የታመመ ሰውም ታያላችሁ። ሙከራ መንደፍንና ባህሪን መለካትን ግን በራሳችሁ ጊዜ ነው የምትማሩት፤ ጊዜው ደግሞ የለም። ሐኪም መሆን ከፈለጋችሁ ግቡ። ለኒውሮሳይንስ ብቻ ብላችሁ ግን አትግቡ።

ሳይኮሎጂ የባህሪውን ግማሽ ይሰጣል፤ መማርን፣ ማስታወስን፣ የልጅ እድገትን፣ የምርምር ዘዴን። የሚጎድለው ኬሚስትሪውና ሴሉ ነው። በተለይ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ በማኅበራዊ ሳይንስ መስመር ለመጣ ልጅ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ባዮሎጂ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው።

የእኔ ምክር ይኸውላችሁ፦ ቤት ተቀምጣችሁ ብቻችሁን ልትማሩት የማትችሉትን ግማሽ ዩኒቨርሲቲው ያስተምራችሁ። ማይክሮስኮፕና ላብ ጣፎ ቤታችሁ ውስጥ አይገኝም። ሳይኮሎጂን ግን በመጽሐፍና በደብተር ብዙ ርቀት መውሰድ ይቻላል። እንግዲህ ውጤትና መስመር ከፈቀደላችሁ ባዮሎጂ ግቡና ሳይኮሎጂን ጎን ለጎን አንብቡ። ሳይኮሎጂ ከደረሳችሁም አትዘኑ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መጽሐፍ ተውሳችሁ አንድ ሙሉ ክረምት ስጡት፤ ይሞላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍሬሽማን ላይ ጄኔራል ሳይኮሎጂ የጋራ ኮርስ ነው። ብዙ ልጅ ለፈተና ብቻ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎት ያልፋል። እናንተ ግን ከነምዕራፉ ያዙት፤ የባህሪው ግማሽ መሠረት እዚያ ነው ያለው። በዚያ ላይ የፍሬሽማን ውጤት ቀጥሎ የትኛው ትምህርት ክፍል እንደምትገቡ ይወስናል።

ከደጃችሁ ጀምሩ፦ ውሻ ቁጠሩ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከነርቭ ሴል ነው። እኔ ግን ከባህሪ ጀምሩ እላለሁ። አንድን እንስሳ ለግማሽ ሰዓት በትዕግሥት ማየት ያልለመደ ሰው፣ ሴሉ ምን እንደሚሠራ ቢነገረው እንኳ እውቀቱን የሚሰቅልበት ቦታ የለውም።

ከከተማ ዳር መኖር እዚህ ላይ ይጠቅማል። እኛ ሰፈር ውሻ አለ፣ ዶሮ አለ፣ ሲሚንቶ የሚያመላልስ አህያ አለ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጅብ ይጮኻል። ይህ ሁሉ ክፍያ የማይጠይቅ ላብ ነው።

ደብተርና ሰዓት ያዙ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ምንም ሳትቆጥሩ ዝም ብላችሁ እዩ። ከዚያ ያያችኋቸውን ድርጊቶች ዘርዝሩ፤ ተኛ፣ ተራመደ፣ አሸተተ፣ ጮኸ፣ ሌላ ውሻ ተከተለ። ይህ ዝርዝር ኢቶግራም ይባላል። እያንዳንዱን ድርጊት ሌላ ሰው አንብቦ ያለ እናንተ እርዳታ እንዲለየው አድርጋችሁ ግለጹ። «ተናደደ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ንዴት በዓይን አይታይም። «ጆሮውን ወደኋላ አጥፎ ጥርሱን አሳየ» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ ይታያል።

ቀጥሎ ሁለት ዓይነት አመዘጋገብ ሞክሩ። አንደኛው አንድ ውሻ መርጦ ለ15 ደቂቃ ያደረገውን ሁሉ መጻፍ ነው። ሁለተኛው በየ2 ደቂቃው ቀና ብሎ በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ውሻ ምን እያደረገ እንደሆነ መመዝገብ ነው። ዝንጀሮዎችን ስታጠና የኖረችው ጂን አልትማን እ.ኤ.አ. በ1974 እነዚህን ዘዴዎች አንድ በአንድ አነጻጽራ ጽፋለች፤ የእንስሳት ባህሪ የሚያጠኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዓይናችን የሚሮጠው ወደ ግርግር ነው። የሳበንን ብቻ ብንጽፍ ደብተራችን ላይ ጠብ ይበዛል፣ እንቅልፍ ያንሳል። በሰዓት የተመዘገበውን ስታዩት ግን ያ የሰፈር ውሻ አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ነው የሚውለው።

ከጓደኛ ጋር አድርጉት። ሁለታችሁም አንድ ውሻ እያያችሁ ሳትነጋገሩ መዝግቡና ደብተራችሁን አስተያዩ። ካልተስማማችሁ ትርጉማችሁ አልጠራም ማለት ነው፤ ተመልሳችሁ አስተካክሉት።

አሁን ጥያቄ ጠይቁ። የእንስሳት ባህሪ ተመራማሪው ኒኮ ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1963 ማንኛውም ባህሪ አራት ጥያቄ ይጠየቅበታል ብሎ ጽፏል። ጅብ ሲጮህ የእኛ ሰፈር ውሻ ለምን አብሮ ይጮኻል? አንድ፣ አሁን ምን ቀሰቀሰው? ጆሮው፣ ነርቩ፣ ሆርሞኑ ምን አደረገ? ሁለት፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ይህ ነገር እንዴት አደገበት? ሦስት፣ መጮሁ ምን ይጠቅመዋል? አራት፣ ከየትኞቹ ቅድመ አያቶች ወረሰው? ሰዎች ስለ ባህሪ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሦስተኛውን ጥያቄ እየመለሰ ነው፤ ሁለቱም ልክ ሆነው ሊጣሉ ይችላሉ። ይህንን ከያዛችሁ ኒውሮሳይንስ በዋናነት የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ፣ የትኛውን ብቻውን እንደማይመልስ ይገባችኋል።

ሲመቻችሁ ደብረ ሊባኖስ ሄዳችሁ ጭላዳ ላይ ሞክሩት። ጭላዳ በዱር የሚኖረው አገራችን ብቻ ነው። ሌላው ዓለም በአውሮፕላን መጥቶ የሚያየውን እናንተ በአውቶቡስ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ።

ከዚያ ወደ ሴሉ ውረዱ፤ እየሣላችሁ ተማሩ

ይህን ክፍል አንብቦ ብቻ የገባው ሰው አላውቅም። ወረቀት ላይ መሣል አለበት።

ያረፈ ነርቭ ሴል ውስጡ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር -70 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ሶዲየም ውጭ ይበዛል፣ ፖታሲየም ውስጥ ይበዛል። ቮልቴጁ -55 አካባቢ ሲደርስ የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ሶዲየም ይገባል፣ ቮልቴጁ ከዜሮ በላይ ይወጣል። ወዲያው የሶዲየሙ በር ይዘጋል፣ የፖታሲየሙ ይከፈታል፣ ፖታሲየም ይወጣል፣ ቮልቴጁ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁሉም ነገር በ1 ወይም በ2 ሚሊሰከንድ ያልቃል። አክሽን ፖቴንሻል የሚባለው ይኸው ነው።

ሁለት ስህተት በተደጋጋሚ አያለሁ። አንደኛው «ቮልቴጁን የሚመልሰው የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ነው» የሚለው ነው። አይደለም፤ የሚመልሰው የፖታሲየም መውጣት ነው። ፓምፑ ከበስተጀርባ ቀስ እያለ ልዩነቱን ጠብቆ የሚያኖር ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ከአንድ አክሽን ፖቴንሻል በኋላ ሶዲየም ውስጥና ውጭ እኩል ይሆናል ብሎ ማሰብ ነው። የሚንቀሳቀሰው ከጠቅላላው እጅግ ጥቂቱ ነው። እነዚህን ሁለቱን ካጠራችሁ የምዕራፉን ከባድ ቦታ አልፋችሁታል።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? ስኩዊድ የተባለ የባሕር እንስሳ ውፍረቱ እስከ 1 ሚሊሜትር የሚደርስ የነርቭ ቃጫ አለው። ሆጅኪንና ሀክስሊ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ውስጡ ሽቦ አስገብተው ለኩ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ከነሒሳቡ አሳተሙ፣ በ1963 ኖቤል ተሸለሙ። ታሪኩን አብራችሁ ያዙ፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ካወቃችሁ ቶሎ አትረሱትም።

በሴልና በሴል መካከል ያለውን ክፍተት፣ ማለትም ሲናፕስን፣ በኦቶ ሎዊ ሙከራ ጀምሩ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1921 ሁለት የእንቁራሪት ልብ ወስዶ የአንዱን ነርቭ በኤሌክትሪክ ነካ፤ ልቡ ምቱ ቀነሰ። ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሁለተኛው አፈሰሰ። ሁለተኛውም፣ ነርቩ ሳይነካ፣ ቀነሰ። መልእክቱ በኬሚካል ይሻገራል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ምሳሌውን ከቤት አምጡ። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አንጎል ውስጥ ድካምን የሚያመለክተውን አዴኖሲን መቀበያው ላይ ቀድሞ ገብቶ ይዘጋበታል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚመሳሰል ሲሆን ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክተኛ እንዲፈስ ያደርጋል፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማ ኬሚካል ስለሚለወጥ ነው ሰው ትኩሱን ለማግኘት የሚሻማው።

ጓያን ደግሞ እባካችሁ በጥሞና አጥኑት። በድርቅ ዘመን ሌላው ሰብል ሲጠፋ ጓያ ይበቅላል። ሌላ ምግብ አጥቶ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ገበሬ ግን እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ አይመለስም። ምክንያቱ ውስጡ ያለ ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ግሉታሜት በሚባለው የአንጎል መልእክተኛ መቀበያ ላይ እየገባ ሴሉን ከመጠን በላይ ያነሳሳዋል፣ እግር የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ይጎዳሉ። ኢትዮጵያዊው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለኃይማኖት ይህን በሽታ ለዓመታት አጥንተዋል። አንድ ጥራጥሬ ውስጥ ሲናፕስ፣ መርዝ፣ ረሃብና የገበሬ ኑሮ አንድ ላይ አሉ። ከዚህ የተሻለ የመማሪያ ምሳሌ እኔ አላውቅም።

አንጎሉን በእጃችሁ ያዙ

ለገና ወይም ለፋሲካ በግ ይታረዳል። ጭንቅላቱ በብዙ ቤት ለውሻ ይጣላል። ለምኑና ውሰዱት።

አራጁን «ለሁለት አትሰንጥቀው» በሉት፤ አንጎሉ ይፈርሳል። የራስ ቅሉ ከላይ ቀስ እየተባለ ዙሪያውን ይሰበርና እንደ ክዳን ይነሳል። ከሥሩ ጠንካራ ሽፋን ታገኛላችሁ፤ በትንሽ መቀስ ቁረጡት። አንጎሉን ከሥር በኩል የያዙትን ነርቮች እየቆረጣችሁ በማንኪያ አውጡት። ትኩሱ እንደ ለጋ ቅቤ ይለሰልሳል። ስለዚህ ክዳን ባለው ብርጭቆ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ውስጥ ለሳምንት ያህል አስቀምጡት፤ ይጠነክራል። አልኮሉን በመሃል አንዴ ቀይሩ፣ ከእሳት አርቁ። ፎርማሊን ቤት አታስገቡ፤ ጭሱ ይጎዳል።

ጓንት አድርጉ። የተጠቀማችሁበት ቢላ ወደ ማድ ቤት አይመለስም። ጠረጴዛውን በበረኪና እጠቡ። ጤነኛ ያልሆነ እንስሳ፣ በተለይ የውሻ ጭንቅላት፣ ፈጽሞ አትንኩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሚያልቀው በሞት ነው። እናቴ ነገሩን ስላልወደደችው እኔ የሠራሁት ጓሮ ውስጥ ነበር፤ እናንተም ቤተሰብ አስፈቅዱ።

ምን ታያላችሁ? ከፊት ሁለት ወፍራም እብጠቶች አሉ፤ የማሽተቻ ክፍሎች ናቸው። የበጉ ከሰው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፤ በግ በአፍንጫው ነው ዓለምን የሚያነበው። ሥሩን ገልብጣችሁ የዓይን ነርቮች የሚሻገሩበትን መስቀል ፈልጉ። ከኋላ ጥርብ ጥርብ ያለው ሴሬቤለም ነው። ከዚያ መሃሉን በረጅሙ ቁረጡ። ሁለቱን ክፍል የሚያገናኘው ነጭ ድልድይ ኮርፐስ ካሎሰም ነው፤ ከሥሩ ያሉት ባዶ ቦታዎች ፈሳሽ የሚሞላቸው ቬንትሪክሎች ናቸው። የበግ አንጎል 140 ግራም ገደማ ነው። የእኛ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው፤ 86 ቢሊዮን ያህል ነርቭ ሴል ይዟል፤ ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ሆኖ ጉልበታችንን 20 በመቶ ይበላል።

እያንዳንዱን ክፍል ስትሥሉ ጎኑ አንድ ባህሪ ጻፉ። ሃይፖካምፐስ ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታ ተብሎ ይህ ክፍል አብዛኛው በቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ አዲስ ትዝታ መያዝ ያቃተውን ሄንሪ ሞላይሰንን አስታውሱ። ስም ብቻውን አይቆይም።

የታክሲውን ሰዓት ትምህርት አድርጉት

ከጣፎ አያት፣ ከአያት በባቡር ወይም በሚኒባስ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ። ከነሰልፉ በቀን ሦስት ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ይህ ሰዓት ለማንበብ አይመችም፤ ለማስታወስ ግን ይመቻል።

ለማስታወስ ስል ዝም ብዬ አይደለም። የትዝታ ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነብበው ግማሾቹን ደግመው እንዲያነቡ፣ ግማሾቹን ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ደጋግሞ ማንበብ «አውቄዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን ፈተና ላይ አብሯችሁ አይገባም።

ስለዚህ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ ደብተር ሳትከፍቱ ትናንት የተማራችሁትን በሐሳባችሁ አስረዱ። የተደናቀፋችሁበትን ቦታ ብቻ አውጥታችሁ እዩ። አንኪድሮይድ የሚባለው የጥያቄ ካርድ መተግበሪያ አንድሮይድ ስልክ ላይ በነፃ ይጫናል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ካርዱን ራሳችሁ ጻፉ፤ የሰው ካርድ የሰው ጫማ ነው። የኦፕንስታክስ የሳይኮሎጂና የባዮሎጂ መጻሕፍት በነፃ ስለሚወርዱ ካምፓስ ዋይፋይ ላይ አውርዷቸው፤ ማታ መብራት ቢጠፋም ስልካችሁ ላይ ናቸው።

እንቅልፍ ላይ አትደራደሩ። የተማራችሁት የሚደላደለው ስትተኙ ነው። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ብዙ ሰው ላይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ በረካ ድረስ ከጠጣችሁ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አሁንም ደማችሁ ውስጥ ነው። ለፈተና ብሎ ጫት የሚቅም ጓደኛም ይኖራችኋል። ሌሊቱን ነቅቶ ያድራል፤ የሚከፍለው ግን በዚያው ትምህርቱን በሚያደላድልለት እንቅልፍ ነው።

ስታቲስቲክስን በራሳችሁ ቁጥር ተማሩ

አር እና ፓይተን የሚባሉት ቁጥር መተንተኛ የኮምፒውተር ቋንቋዎች ነፃ ናቸው፤ አንዱን ምረጡ። የመጽሐፍ ምሳሌ አትጠቀሙ፤ የውሻውን ደብተር አስገቡ። ጠዋትና ማታ የመተኛት መጠኑ ይለያያል? ልዩነቱ እንዲሁ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችል ነበር? የራሳችሁ ቁጥር ሲሆን ትገፉበታላችሁ።

ጥናት ስታነቡ አትቸኩሉ

መጀመሪያ ሥዕሎቹን እዩ፣ ከዚያ ዘዴውን፣ መደምደሚያውን መጨረሻ ላይ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ተመራማሪው አንጎሉን አይቶ ነው ወይስ ነክቶ? የአንጎልን ሥራ በምስል የሚያሳየው ኤፍ.ኤም.አር.አይ. የሚለካው የደምን ኦክስጅን ነው፤ አንድ ቦታ «በራ» ማለት ያ ቦታ ባህሪውን አመጣ ማለት አይደለም። አንድ ክፍል ሲጎዳ ወይም ሲነካ ባህሪው ከተለወጠ ግን ማስረጃው ይጠነክራል።

የፊኒየስ ጌጅን ታሪክ መለማመጃ አድርጉት። እ.ኤ.አ. በ1848 የብረት ዘንግ በጭንቅላቱ አልፎ የተረፈ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነው። ብዙ ቦታ «ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነም» ተብሎ ይነገራል። ሰውዬው ግን ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ነድቷል። መንገድ ማወቅ፣ ፈረስ መምራት፣ ተሳፋሪ ማስተናገድ ለፈረሰ ሰው የሚቻል ሥራ አይደለም።

ሰው ላይ ስትደርሱ ተጠንቀቁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ጎረቤቱን ሁሉ በሽታ እያወጣለት የሚሄድ ተማሪ አለ። አማኑኤል ሆስፒታል ያሉ ሰዎች የእኛ መለማመጃ አይደሉም። «እብድ» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አውጡ። ጠበል የሚሄድ ቤተሰብ ካጋጠማችሁ አትሟገቱ፤ የጀመረውን መድኃኒት እንዳያቋርጥ ብቻ በትህትና ንገሩ።

የመመረቂያ ሥራችሁን ቀድማችሁ ምረጡ

ሦስተኛ ዓመት ላይ ጀምሩ፤ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ይሁን። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ በጓደኛችሁ ጣቶች መካከል በቁሙ ያዙና ሳታስጠነቅቁ ልቀቁት። የያዘበትን ርቀት አንብቡ። 20 ሳንቲ ሜትር ወድቆ ከያዘው 0.2 ሰከንድ ፈጅቶበታል፤ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው። በአንድ ሰው ላይ 20 ጊዜ ድገሙ፣ የመጀመሪያዎቹን 5 እንደ ልምምድ ተዉአቸው። ከቡና በፊትና በኋላ፣ ቡናው በሌለበት ቀንም በዚያው ሰዓት። ተሳታፊውን ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ስሙን በቁጥር ቀይሩ፣ አማካሪያችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ሥነ ምግባር ማጽደቂያ አናግሩ።

አማካሪ ስትፈልጉ «ኒውሮሳይንስ እወዳለሁ» ብላችሁ አትሂዱ። የውሻውን ደብተርና አንድ ገጽ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ከባዮሎጂ ከሆናችሁ ስድስት ኪሎ፣ ከሳይኮሎጂ ከሆናችሁ አራት ኪሎ ሁለተኛ ሰው ፈልጉ። ከምረቃ በኋላ መቀጠል የሚፈልግ ሰው የአፍሪካ ኒውሮሳይንቲስቶችን ማኅበር፣ ሶናን፣ እና ዓለም አቀፉን የአንጎል ምርምር ድርጅት፣ ኢብሮን፣ ከአሁኑ ይከታተል፤ ኢብሮ አፍሪካ ውስጥ አጫጭር የሥልጠና ትምህርት ቤቶችን ይደግፋል።

የጎረቤቴ ልጅ ፍሬሽማን እስክትጠራ ቤት ናት። ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ በየ2 ደቂቃው ቀና ትላለች። ትናንት ወርዳ «ጋሼ፣ ቡናማዋ ውሻ ስትተኛ እግሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ተኛች ልበል ተራመደች?» ብላ ጠየቀችኝ። ለብቻው አምድ አውጪለት አልኳት።